ሰባራ ድልድይ፦ ባለ 3 ድንጋዩ የባሕር አኳሪየሜ ከ11 ወር በኋላ

ለ7 ወር ስለ አኳሪየሜ የድንጋይ ቅስት ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር። ባሕር ዳር ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አኳሪየሙ ፊት ቆሞ ነው ወደ ወንበር የሚሄደው። ከዛ ሰኔ ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ቅስቱ ወደቀ። ስለዚህ ይሄ ግምገማ አብዛኛው ስለዛ ሌሊት ነው፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ አትቀየሙኝ።

የገዛሁት ተጣብቆ ያለቀለት የድንጋይ ቅስት ነው፣ ሁለት እግርና ከላይ አንድ ጠፍጣፋ፣ በቃ 3 ድንጋይ፣ አንድ ላይ 4 ኪሎ ተኩል። ታንኩ 60 በ45 በ40 ሳንቲሜትር ነው፣ ወደ 108 ሊትር። መጀመሪያ የጠየቅኩት ሻጭ ለዚህ ታንክ ቢያንስ 13 ኪሎ ድንጋይ ያስፈልግሃል ብሎኝ ነበር፣ በድሮው ሂሳብ ለአንድ ጋሎን አንድ ፓውንድ የሚሉት ነገር ነው። ወንድሜ 13 ኪሎ እኮ ካብ ነው! ከኋላው የተሰበሰበውን ቆሻሻ ማን ይጠርገዋል፣ ኮራሉ ሲያድግ የት ይሄዳል፣ መስታወት መጥረጊያው ማግኔትስ በየት ያልፋል? ባክቴሪያው ማደሪያ ይፈልጋል አለኝ። እሱ እውነቱን ነው፣ ከአሳው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት የሆነ ነገር ላይ ተለጥፈው ነው፣ ግን ድንጋይ መሆኑ ግዴታ አይደለም። እኔ ከኋላ ባለው የፊልተር ክፍል አንድ ከረጢት ሴራሚክ ከተትኩ፣ 6 ሳምንት ጠበቅኩ፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆኑ፣ ከዛ ወዲህ አንድም ቀን ብቅ አላሉም። ያ ሰውዬ አሁንም ለሰው 13 ኪሎ እየሸጠ ይሆናል።

አሳዎቹን፣ ኮራሎቹንና ሽሪምፑን ያገኘሁት አዲስ አበባ ታንኩን አፍርሶ ውጭ ሊሄድ ከነበረ ልጅ ነው። ሁለት ክላውንፊሽና አንድ ቢጫ ጎቢ የሚባሉ አሳዎች፣ ከጎቢው ጋር የሚኖር ፒስቶል ሽሪምፕ፣ ጥቂት ዞአ የሚባሉ ትናንሽ ኮራሎችና አንድ ባለ ቅርንጫፍ ሃመር ኮራል። ድንጋይ ሲያንስ መደበቂያም ስለሚያንስ ሌላ አሳ አልጨመርኩም፣ አልጨምርምም። አክስቴ መጥታ አየችና «ልጄዋ፣ ጣና ደጅህ ላይ ተኝቶልህ አንተ ውሃ ጨው ታስገባለህ?» አለችኝ። በሊትር 35 ግራም ጨው እንደምጨምር ስነግራት አማተበች። ቀጥላ የጠየቀችው ይበላል ወይ ነው።

እሺ ወደ ሌሊቱ። ይቺን ፒስቶል ሽሪምፕ የማታውቁ ካላችሁ፣ አንድ ጥፍሯ ትልቅ ነው፣ እሱን በድንገት ስትዘጋው ጧ! ይላል፣ መስታወት የተሰነጠቀ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ሳምንት ሶስት ጊዜ ከአልጋዬ ተነስቼ ወለሉን በእጄ ዳብሻለሁ። በኋላ ለመድኩት። ዓይኗ ደካማ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ስትቆፍር አንዱን አንቴናዋን ጎቢው ላይ አሳርፋ ነው፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚያሰጋ ነገር ሲያይ ጭራውን ይነቀንቃል እሷም ትገባለች። ከፊታቸው ተቀምጬ ስንት ቡና እንዳቀዘቀዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጠጠሩን በጥፍሯ አቅፋ እንደ ጋሪ እየገፋች ታወጣለች፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትደፋለች፣ ትመለሳለች።

ችግሩ የምትቆፍረው የት ነው? ከግራው የቅስቱ እግር ስር። እኔ ደግሞ ቅስቱን ያስቀመጥኩት አሸዋው ላይ ነው። ለምን? ቅስቱን የሸጠልኝ ሰው የላከልኝ ፎቶ ላይ እንደዛ ስለነበር! «አሸዋውን ደልድል፣ ቅስቱን ከላይ አስቀምጥ፣ አይነቃነቅም» ነው ያለኝ፣ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ቆፋሪ እንስሳ ይኖርሃል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፣ ግን ሻጭ እሱ ነው እኔ አይደለሁም።

ያን ሌሊት ዝናብ ነበር፣ ድምፁን ስሰማ ነጎድጓድ መስሎኝ ተገላበጥኩ። ከዛ ነጎድጓድ ውሃ አያንቦጫርቅም ብዬ ብድግ አልኩ። መብራት የለም። በስልክ ባትሪ ሳበራ ውሃው ወተት ሆኗል፣ የላይኛው ድንጋይ በአፍጢሙ አሸዋው ላይ ተደፍቷል፣ ሃመሩ ከስሩ ነው። ሁለቱ ክላውን ጥግ ላይ ተጣብቀው ቆመዋል። ጎቢው የለም፣ ሽሪምፗ የለችም። መጀመሪያ ያደረግኩት መስታወቱን በጣቴ ዙሪያውን መዳበስ ነው። ጭረት አለው፣ ስንጥቅ የለውም። 13 ኪሎ ካብ ቢሆን ኖሮ ሳሎኔ ጣና ይሆን ነበር፣ ይሄን ለመጀመሪያው ሻጭ ንገሩልኝ።

ጠዋት ድንጋዩን ሳነሳ ሙጫውን አየሁት። ይሄ ነው ያናደደኝ፣ ከመውደቁ ይልቅ። ድንጋዩ ላይ ምንም አልያዘም፣ እንደ ሻማ ሰም ልጥጥ ብሎ ሙሉውን ተነሳ! የላይኛው ድንጋይ 7 ወር ሙሉ የተቀመጠው በራሱ ክብደት ነበር ማለት ነው። ስደውል ሻጩ «ውሃህ ምናልባት ጨው በዝቶበት ይሆናል» አለኝ። የባሕር አኳሪየም እኮ ነው ሰውዬ! በሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም በጨው መለኪያው፣ 1.025 ነው፣ ባሕርም ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ ታዲያ ሙጫው የተሰራው ለጠላ ጋን ነው?

ጓደኛዬ ግንበኛ ነው፣ ሁለታችንም የሞጣ ልጆች ነን። መጥቶ አየና ሳቀብኝ። «የሰባራ ድልድይ አገር ልጅ ሆነህ አሸዋ ላይ ድልድይ ትሰራለህ?» አለ። ሰባራ ድልድይን ለማታውቁ፣ ጎጃምንና ጎንደርን ያገናኝ የነበረ የአባይ ላይ የድሮ የድንጋይ ድልድይ ነው፣ ጣሊያን ጊዜ መሃሉ የተሰበረው። «እሱ እንኳን የቆመው አለት ላይ ነው፣ የሰበረውም ሰው ነው፣ ያንተን ግን ትል ጣለው።» ሽሪምፕ ናት ትል አይደለችም አልኩት፣ አልሰማኝም። ከዛን ቀን ጀምሮ የታንኩ ስም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ።

እሱ ሲሚንቶ እናቡካ አለ፣ እምቢ አልኩ፣ በደንብ ያልደረቀና ያልተዘፈዘፈ ሲሚንቶ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) ሽቅብ ይሰደዋል። ብረትም አይሆንም፣ ይዝጋል። ማስታወቂያ የሚሰሩ ልጆች ጋ ሄደን ቁርጥራጭ የአክሪሊክ ዘንግ ለመንን፣ በድሪል እግሮቹንም የላዩንም ድንጋይ በሳን፣ ዘንጉን እንደ ምሰሶ አስገባንና ኤፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ዘጋነው፣ ስፌቱ እንዳይታይ ገና ሳይደርቅ አሸዋ ነሰነስንበት። ከዛ ውሃውን ከነአሳው ወደ ባልዲ፣ አሸዋውን ጠርገን፣ እግሮቹን ቀጥታ የታችኛው መስታወት ላይ ቀጭን ፕላስቲክ አንጥፈን አቆምናቸው፣ አሸዋው በመጨረሻ ዙሪያውን ተመለሰ። አሁን እስከፈለገችው ትቆፍር፣ ከስሩ መስታወት ነው። ሙሉ እሁዳችን ሄደ፣ ምሳ በእኔ ነበር።

አሸዋውን ስንጠርግ ሁለቱም ከጉድጓዳቸው ወጡ፣ ጎቢው ከፊት እሷ ከኋላ፣ አንቴናዋ አሁንም እሱ ላይ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ጮህኩ። ሃመሩ ለሁለት ተቀንጥሶ ነበር፣ ሞቷል ብዬ ነበር፣ ሁለቱንም ለየብቻ ሰካኋቸው፣ አንደኛው ለሳምንት ተኮማትሮ ሰነበተና ከፈተ። አሁን ሁለት ሃመር አለኝ፣ ለዚህ ሻጩን አላመሰግንም።

የቀረውን ባጭሩ፦ መጀመሪያዎቹ ሁለት ወር ደረቁ ድንጋይ ቡናማ አልጌ ለበሰ፣ በራሱ ጊዜ ለቀቀ፣ አሁን ሃምራዊ እየሆነ ነው። ሚያዝያ ሙቀቱ ሲበረታ ፋን አደረግኩ፣ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፣ ስለዚህ የምትሞሉት ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ነው። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚሰራ ኤር ፓምፕ አለኝ፣ ያለሱ አትጀምሩት። ማጽዳት በሳምንት 20 ደቂቃ፣ ምክንያቱም ምንም የሚደበቅ ቆሻሻ የለም፣ ፓምፑ በቅስቱ ስር አሳልፎ ጠራርጎ ይወስደዋል።

ትገዛዋለህ ወይ ላላችሁኝ፣ ድንጋዩን አዎ፣ ዛሬም ሶስቱን ብቻ። ጠፍጣፋው ስር ያለው ባዶ ቦታ ነው ታንኩን ታንክ ያደረገው፣ ማታ መብራቱ ሰማያዊ ሲሆን ክላውኖቹ በዛ በኩል ሲያልፉ ማየት አለባችሁ። ተጣብቆ ያለቀለት የሚባለውን ግን እንዳትነኩት፣ ድንጋዩን ለብቻው ግዙና ራሳችሁ በዘንግ ስፉት። ከቅስቱ ጋር በነፃ የሰጡኝ ሙጫ ግማሹ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ጫማው የተላቀቀበት ሰው ካለ መጥቶ ይውሰድ፣ ግን ለጫማም ዋስትና አልሰጥም።