በድሬዳዋ የሰው ሠራሽ እግር አገልግሎት፦ ለቁስለኛ ወታደር ምን ያህል ይደርሳል?

በከተማችን ያለውን የሰው ሠራሽ እግር ወርክሾፕ ከሚገለገሉት መካከል የቀድሞ ወታደሮች ይገኙበታል። አንዱ አጎቴ ነው። በኦጋዴን ጦርነት ጅግጅጋ አካባቢ ፈንጂ ረግጦ የግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣ የሃምሳ አለቃ ሲሆን፣ ይጠቀምበት የነበረው እግር ተሰንጥቆ አዲስ ሲሠራለት፣ ከልኬቱ ጀምሮ እስኪራመድበት ድረስ አብሬው ነበርኩ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለሙያው የተቆረጠውን እግር በእርጥብ የጄሶ ፋሻ ከጠቀለለ በኋላ፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በሁለት አውራ ጣቶቹ ጫን አድርጎ ይይዛል፤ የሰውነት ክብደት በዋናነት ማረፍ ያለበት እዚያ ላይ እንጂ በአጥንቱ ጫፍ ላይ አይደለም። ከዚህ ልክ የጄሶ ቅርጽ ይወጣና ይሞረዳል፤ ከዚያም በምድጃ ጋለ ብሎ የለሰለሰ ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ሉህ ይለብስና አየሩ በፓምፕ ሲመጠጥ ፕላስቲኩ ከቅርጹ ጋር ልክክ ይላል።

አጎቴ አዲሱን እግር አጥልቆ በሁለቱ የመደገፊያ ብረቶች መካከል ሲራመድ ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። ወጣቱ ባለሙያ ግን «ሃምሳ አለቃ፣ የሚቆረቁርዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ እንዳይችሉት» አለውና አስቀምጦ ካልሲውን አወለቀ። በጭኑ በኩል ሳይሆን በቅልጥሙ ጫፍ ላይ የብር ሳንቲም የሚያክል ቀይ ምልክት ነበር። ፕላስቲኩን በዚያ ቦታ አሙቆ ወደ ውጭ ገፋውና እንደገና አስሞከረው። ወታደር ሕመም መቻልን እንደ ግዴታ ተምሮ ያደገ ሰው ነው፤ እኛም ጽናቱን እያወደስን ቁስሉን ሳናይለት እንቀራለን። ይህ ልጅ አየለት፤ ለአገልግሎቱ የምሰጠው ትልቁ ምስጋና ይኸው ነው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። በድሬዳዋ ሙቀት ፕላስቲኩ ላብ ያጠራቅማል፤ ትርፍ ካልሲ ደግሞ እንደልብ አይሰጥም። ከታች የሚገጠመው የጎማ መርገጫ ቁርጭምጭሚቱ ስለማይታጠፍ በከተማችን በከዚራ ሰፈር ሜዳ ላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ልጁን ሊጠይቅ ሐረር ሲሄድ በጀጎል ቁልቁለት ድንጋይ ላይ ጉልበቱን ያንገዳግደዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሲዘገይ ያለው ጥበቃ ነው፤ ከገጠር የመጣ ሰው «ዕቃ የለም» ተብሎ በክራንች ሲመለስ አይቻለሁ።

በድሬዳዋ ቡና ላይም በርጫ ላይም ስለ ውጭ ወታደራዊ እርዳታ የሚደረገው ክርክር እስከዚህ ወርክሾፕ መድረስ ነበረበት። አንዱ ወገን በ1970 ዓ.ም. የሶቪየት የጦር መሣሪያና ወደ 15,000 የሚጠጋ የኩባ ጦር ባይመጣ ኖሮ ካራማራ በየካቲት 26 ባልተያዘ ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ ጥገኝነቱን ያነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው ስምምነት ያመጣው መሣሪያ በ1977 ግንኙነቱ ሲሻክር መለዋወጫ አጣ፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ወደ ድሬዳዋ የገሠገሠው የሶማሊያ ታንክ ደግሞ ራሷ ሶቪየት ኅብረት ያስታጠቀችው ነበር። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የማዝነው ክርክሩ ሁልጊዜ በታንክና በአውሮፕላን ቆጠራ ስለሚያልቅ ነው። ታንክ ሲሰጥ መለዋወጫው፣ አሠልጣኙና ጠጋኙ አብረው ይታሰባሉ፤ ታንኩን ሲነዳ እግሩን ያጣው ሰው ግን በየጥቂት ዓመቱ አዲስ እግር፣ በየጊዜውም ጥገና እንደሚያስፈልገው በውሉ ላይ የሚያስብለት የለም።

ይህን ስል የውጭ እርዳታን በጅምላ እየነቀፍኩ አይደለም። አጎቴ ዛሬ የቆመበት የፖሊፕሮፒሊን እግር ራሱ፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ዋጋው እንዲቀንስና በየአገሩ ባለሙያ እንዲሠራ አድርጎ ያዳበረው ቴክኖሎጂ ውጤት ነው። በእኔ እምነት መንግሥታት ወታደራዊ እርዳታ ሲዋዋሉ ከመሣሪያው ዋጋ ላይ የተወሰነው ለቁስለኞች ዕድሜ ልክ ሕክምና እንዲመደብ መጠየቅ አለብን፤ ጥሬ ዕቃውንም እዚሁ ማምረት ባንችል እንኳ፣ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ክምችት መያዝ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ለልኬት የምትሄዱ ሰዎች ሁልጊዜ የምትጫሙትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ የእግሩ አቀማመጥ የሚስተካከለው በተረከዙ ከፍታ ልክ ስለሆነ፣ በኋላ ሌላ ጫማ ስታደርጉ ጉልበታችሁ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋል። ቁምጣ ልበሱ፣ ቢቻል በጠዋት ድረሱ፤ የሚያማችሁንም ቦታ ሳትደብቁ ተናገሩ።