ለዓይናችሁ የትኛው ሌንስ ይሻላል? መስታወት፣ ተራ ፕላስቲክ ወይስ ፖሊካርቦኔት

ደሴ ፒያሳ መነፅር ቤት ገብታችሁ ሌንስ ስትጠይቁ ቶሎ የምትሰሙት «ኮቲንግ አለው፣ አይጫርም» የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ ኮቲንግ ጭረትን ይከላከላል። ስለ መሰበር ግን ማንም አያነሳላችሁም። ይሄው ቀጭን ጠንካራ ሽፋን አንዳንዱን ሌንስ በቀላሉ እንዲሰበር ያደርገዋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለሚሠራ ወይም ኮብልስቶን ለሚጠርብ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስብርባሪው የሚገባው ዓይን ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠጠር ከፊት ሲመታው ሌንሱ ወደ ዓይን በኩል ይጎብጣል። የኋላው ገጽ ይወጠራል። ስንጥቅ ደግሞ የሚከፈተው በውጥረት ነው። እዚያ ላይ የተቀባው ሽፋን ደረቅ ስለሆነ የፕላስቲኩን ያህል አይለጠጥም፤ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ከሌንሱ ጋር አጥብቆ ከተያያዘ ስንጥቁ ሽፋኑ ላይ አይቀርም፤ ስለታም እንደሆነ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለዚህ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ውፍረት ይበቃል። ነጸብራቅ የሚቀንሰው አንቲ ሪፍሌክሽን ከዚያም ይቀጥናል፤ ግን እሱ የባሰ ደረቅ ነው። አለን ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው ጥናት የመስታወት ጥንካሬ የሚወሰነው ገጹ ላይ ባሉ ጥቃቅን ስንጥቆች መሆኑን አሳይቷል። የተሰነጠቀ ሽፋንም ለሌንሱ ያንኑ ስንጥቅ ይሰጠዋል።

እንግዲህ እናወዳድር። መስታወት ያለ ኮቲንግም በቀላሉ አይጫርም። ግን ክብደቱ የፕላስቲኩን እጥፍ ያህል ነው፤ አፍንጫ ይጫናል። ሲሰበርም ስለቱ ክፉ ነው። ቤት ቁጭ ብሎ ለማንበብ ካልሆነ አልመክረውም።

ተራው ፕላስቲክ፣ ሲአር 39 የሚባለው፣ ቀላልና ጥሩ የሚያሳይ ነው። ለቢሮና ለትምህርት ይበቃል። ኮቲንግ ብዙ የሚጎዳው ግን ይሄንኑ ነው። ሳይቀባ ደህና ምት ይችላል። ከኋላ ጠንካራ ሽፋን፣ በላዩ ላይ አንቲ ሪፍሌክሽን ሲደረብበት ግን ምት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ሌንሱ ስስ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። መፍትሔ አለው፦ በሽፋኑና በሌንሱ መካከል ፕራይመር የሚባል ለስላሳ የሥር ቅብ ከተቀባ ስንጥቁን እዚያው ይይዘዋል። ስለዚህ ባለሱቁን «ከኮቲንጉ ሥር ፕራይመር አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቀ ከሚያስመጣበት ያጣራላችሁ።

ፖሊካርቦኔት የሚባለው ሌላው የፕላስቲክ ዓይነት ብቻውን ቶሎ ይጫራል፤ ስለዚህ ያለ ኮቲንግ አይሆንም። ኮቲንጉ ከሱም ጥንካሬ ይወስዳል። ግን ከመነሻው በጣም ጠንካራ ስለሆነ የሚተርፈው ከሌሎቹ ይበልጣል። ለልጆች፣ ለሞተረኛ፣ ብረትና ድንጋይ ለሚነካ ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ጉድለቱ፣ ቁጥራችሁ ከፍ ያለ ከሆነ በጠርዙ በኩል ስታዩ ትንሽ ቀለም ያሳያል። አሴቶን ደግሞ አታስነኩት፤ ያበላሸዋል።

ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንሰው ብሉ ከት ከመሰበር ጋር አይገናኝም። ለእሱ ብላችሁ ፖሊካርቦኔቱን አትተዉት።

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ መነፅራችሁን መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ አታስመቱት። ሙቀት ፕላስቲኩን ከሽፋኑ አብልጦ ያሰፋዋል፤ ሽፋኑም ይሰነጣጠቃል። አሁን ያላችሁን አውልቁና ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት። የሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች ካሉ ሽፋኑ ተሰነጣጥቋል፤ ለሥራ ቦታ አይሆንም። አቧራውንም በደረቁ በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት።

ግራይንደር የምትይዙ ደግሞ ፖሊካርቦኔትም ቢሆን ተራ መነፅር አይበቃችሁም። ከላዩ ጎኑ የተዘጋ የሥራ መከላከያ መነፅር (ጎግል) አድርጉ።