«ክትፎማ አለ፤ ግድግዳው ላይ»፦ ደብረ ሲና የበላሁት ምሳ

በደሴ መንገድ የሚመላለስ ሰው ደብረ ሲናን ያውቃታል። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ብዙ አውቶቡስ ለምሳ ይቆምባታል፤ ቆሎ ሻጮቹም መኪናው ገና ሳይቆም መስኮት ሥር ይደርሳሉ። ዛሬ የምገመግማት ቤት ዋናው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ምግብ ቤት ናት። ስሟን አልጠራም። የሄድኩት ሁሉም ነገር በተበላሸባት ቀን ነው፤ የአንድ ቀን ገመናን በስም መለጠፍ ደግ አይደለም።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ እየተመለስን ነበር። ጣርማበር ላይ ተሳቢ መኪና መንገድ ዘግቷል ተባለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ያለበት ቦታ ነው፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ክረምት ላይ ጉሙ አያድርስ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣው መኪና ሁሉ ደብረ ሲና ላይ ተከማቸ። ሠላሳ ሰው የምትይዝ ቤት ውስጥ ስንት እንደገባን እንጃ። ገና ስንቀመጥ መብራት ጠፋ።

ባለቤትየዋን ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል። ከጓዳ ወጥተው መሃል ላይ ቆሙና እንዲህ አሉ፦ «ስሙኝማ! ጥብስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሽሮ ቶሎ ይደርሳል። ሌላ ነገር የለም።» ቀልዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን የማነሳው ሌላ ቦታ ተቃራኒውን ስላየሁ ነው። «መጣ፣ መጣ» እያሉ ሁለት ሰዓት የሚያስጠብቁ ቤቶች አሉ፤ እዚያ አስተናጋጁ ሲቀልድ ያናድዳል። እዚህ ግን ቁርጣችንን አውቀናል፤ የቀረን መሳቅ ብቻ ነው።

አንዱ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ሜኑ በስልኩ እያበራ «እትዬ፣ ክትፎ የለም?» አለ።

«ክትፎማ አለ፤ ግድግዳው ላይ።»

ቆየት ብሎ ሌላው «የጥብሱ በግ የት ደረሰ?» ሲል፣ «ከመንዝ እየመጣ ነው፣ ጣርማበር ላይ መንገድ ተዘግቶበት ነው» አሉት። የመንዝ መንገድ ጣርማበር ላይ እንደሚገነጠል የሚያውቁት ሹፌሮች በሳቅ ሞቱ።

የቀኑ ኮከብ ግን ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ሽሮ አዘዙ፤ አስተናጋጁ ልጅ በጨለማው ጥብስ አቀረበላቸው። በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ የዛሬው ሽሮ አጥንት አለው» አሉ። ልጁ «አባቴ፣ ይቅርታ» ብሎ ሲሯሯጥ ሻማ ይዞ ተመለሰና ፊታቸው ተከለው። ወዲያው ከኋላ አንድ ረዳት «መልካም ልደት» ብሎ ጀመረ። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። አባባ ዘፈኑ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቁና «ለመሆኑ ስንት ዓመት ሞላኝ?» ብለው ጠየቁን።

አንድ ነገር ግን ደስ አላለኝም። ጥቂት ሰዎች ቀልዱን ወደ ልጁ አዞሩት፤ «ዕውር ነህ እንዴ?» ምናምን። እትዬ ፈጠን ብለው ገቡ፦ «በኔ ሳቁ፣ በመብራቱም ሳቁ። ልጁን ግን ተዉት።» ፀጥ አሉ። ለኔ የቤቱ ደረጃ እዚህ ጋ ነው ከፍ ያለው።

ስለ ምግቡ ልናገር። ጥብሱ እንደተባለው አንድ ሰዓት አካባቢ ፈጀ፤ በከሰል ነው የተሠራው። በሸክላ እየተንጫጫ መጣ። የመንዝ በግ የሚወደሰው በጸጉሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሥጋው ልስልስ ያለ ነው፣ ሮዝመሪውም አልበዛበትም። አዋዜው ይለበልባል። ከአባባ ሽሮም ቀምሻለሁ፤ ወፍራም፣ ነጭ ሽንኩርቱ የበረታ ነው። እንጀራው ግን ቆምጥጧል። ሻዩም ስኳር ብቻ ነው። የእጅ መታጠቢያው ውሃ በጀሪካን ነበር፤ ሳሙና አላየሁም። በሩ ደግሞ አይዘጋም፣ ብርዱ እግር ድረስ ይገባል።

ሂሳብ ሲመጣ ሌላ ጉድ። ከመብራቱ ጋር ኔትወርኩም ሄዷል፤ ቴሌብር አይሠራም። የማይተዋወቅ ሰው ብር ይበዳደር ጀመር። ጥሬ ብር የያዘው ባለ ጃኬቱ ጎረምሳ ነበር፤ የሦስት ሰው ከፍሎ ስልክ ቁጥራቸውን መዘገበ። «ክትፎውንም ጨምሪልኝ» ብሎ እትዬን አሳቃቸው።

ዋጋው ከአዲስ አበባ ቀለል ይላል። ማኪያቶ አትዘዙ፤ ቡናው በጀበና ነው፣ እሱም ግሩም ነው። ጥሬ ብር ያዙ። ጓዳው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ይሻላችኋል፤ የከሰሉ ሙቀት ይደርሳል፣ የእትዬም ወሬ በደንብ ይሰማል።