ኔት ሲቆረጥ ሬዲዮዬ ምን ይሆናል?

ለሦስት ሳምንት አገር ቤት ገብቼ ነበር። ስልኬ ላይ ሁለት የሬዲዮ አፕና አንድ የፖድካስት አፕ ጭኜ ሄድኩ። የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የሬዲዮ አፕ (ስሙ ይቅር) ቤት ውስጥ አንደኛ ነው። ጣጣው ከበር ስወጣ ይጀምራል። ስልክ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲዞር የአይፒ አድራሻው (ኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ስለሚቀየር የቀድሞው መስመር ይሞታል። አፑ ግን መርዶው አልደረሰውም። ክቧ ዝም ብላ ትሽከረከራለች። መኪና ውስጥ የእህቴ ልጅ ስክሪኑን አየችና "አጎቴ፣ ቆመ እኮ!" አለችኝ።

"አልቆመም፣ እያሰበ ነው።"

ሁለት ደቂቃ አሰበ። ዘግቼ ስከፍተው ወዲያው ሠራ። ታዲያ ይህን እኔ ከሠራሁ እሱ ምን ሊሠራ ነው?

ሁለተኛው አፕ መስመሩ ሲቆረጥ ሳይነካ ራሱ መልሶ ይገናኛል። ባፈሩንም፣ ማለትም ቀድሞ የሚያጠራቅመውን ድምፅ፣ ማስረዘም ይቻላል። 30 ሰከንድ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ አጫጭር መቆራረጦችን ጆሮዬ አላወቃቸውም። ዕዳው ግን ኳስ ላይ ታየ፦ ጎረቤት "ጎል!" ብሎ ሲጮህ የኔ ተንታኝ ገና ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ ያንከባልል ነበር።

ጣቢያው ዝቅ ያለ ጥራት ካለው እሱን ምረጡ። በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሚልክ ጥራት አንድ ሰዓት ማዳመጥ 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ በ48 ግን 22 አይሞላም። ለወሬ 48 ይበቃል፣ በተለይ በኤኤሲ (ድምፅን አሳንሶ በሚያሽግ ዘዴ) ከተላከ። ኔቱ ለአፍታ ብቅ ሲልም ባፈሩ ቶሎ ይሞላል።

ፖድካስት ላይ ብዙም አልተቸገርኩም። ያለቀለት ፋይል ስለሆነ የፖድካስት አፔ አንቴናፖድ ማታ በዋይፋይ አውርዶ ያስቀምጥልኛል። ማውረዱ መሀል ላይ ቢቋረጥም ሰርቨሩ ከፈቀደ ካቆመበት ይቀጥላል። የቀጥታ ሬዲዮ ግን ያመለጠው አመለጠ ነው።

አንድ ነገር ግን አሳፍሮኛል። ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ሬዲዮው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዝም ይል ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ኔትወርኩን ስረግም ከረምኩ። ለካ ጥፋተኛው የራሴ ስልክ ነው! ባትሪ እቆጥባለሁ ብሎ አፑን ከጀርባ ይገድለዋል። ሴቲንግ ገብቼ አፑን ከባትሪ ቁጠባው አወጣሁት። በማግስቱ ስልኩን ኪሴ ከትቼ አንድ ፕሮግራም ከነማስታወቂያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ።