የፊት ጎማ ሲፋጭ «ኩሽኔታ ነው» ቢሏችሁ ቶሎ አትክፈሉ

የድሬና የሐረር ሰዎች፣ በተለይ ፒክአፕ የምትነዱ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከፊት ጎማ የመፋጨት ድምፅ ሰምታችሁ ጋራዥ ስትገቡ፣ መኪናው ክሪክ ላይ ሳይወጣ «ኩሽኔታው ሄዷል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ኩሽኔታ ማለት ጎማው መሐል ተቀምጦ ጎማው ሳይሻክር እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ሮለር የብረት ቀለበት ነው።

ይህን የምለው በቤታችን ስለደረሰ ነው። መኪናችን አሮጌ ሃይሉክስ ነው፣ ደብል ጋቢና። ከሐረር ስንመለስ፣ የደንገጎን ቁልቁለት ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ከፊት በቀኝ በኩል «ኸርርር» ማለት ጀመረ። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድነው። ልጁ ጎማውን በእግሩ ገፋ አደረገና «እህቴ፣ ኩሽኔታው ተበልቷል። በዚህ ከነዳሽ ጎማው መንገድ ላይ ይወልቃል» አለኝ። ልጆች ጭኖ የሚነዳ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል? «ኦሪጅናል የጃፓን ዕቃ አለ፣ አሁኑኑ ይመጣልሻል» አለ። ተላላኪ ሄደ፣ ካርቶን ይዞ መጣ። ደረሰኝ የለም። ቆየት ብሎ ደግሞ «ሁለቱንም እግር አንድ ላይ መቀየር ይሻላል» ተባለ። የሁለቱንም ከፈልን።

ከጋራዡ በር ገና ሳንርቅ ያው ድምፅ ተመለሰ። ተመልሰን ስንጠይቅ መልሱ «ያ እንግዲህ ሲቪ ጆይንት ነው፣ እሱም ይቀየር» ሆነ። ሲቪ ጆይንት የሞተሩን ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው መጋጠሚያ ነው።

እዚህ ላይ ነው ያቆምነው። ሌላ ሰፈር ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰድነው። እሳቸው መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ። «ፍሬን ስትይዢ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? መሪ ስታዞሪስ? ማርሽ አውጥተሽ በዜሮ ሲንሸራተት ይሰማል?» ከዚያ ራሳቸው ነዱት። ከዚያ የኋላውን ጎማ በታኮ አስይዘው ፊቱን በክሪክ አነሱና ጎማውን በእጃቸው አሽከረከሩ። ጎማው ሲወልቅ በፍሬኑ ዲስክና ከኋላው ባለው ስስ ላሜራ መካከል ባቄላ የምታህል ጠጠር ተሰክታለች። በካቻቢቴ ገፋ አደረጓት፣ ወደቀች። ዲስኩ ላይ ክብ ጭረት ትታ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለዚህች ጠጠር ነው።

አሮጌውን ኩሽኔታ ከጋራዡ ተቀብለን መጥተን ነበር። ሽማግሌው በናፍጣ አጠቡትና በአውራ ጣታቸው እያሽከረከሩ አሳዩኝ። ሮለሮቹ ያበራሉ። ጉድጓድ የለም፣ መላላጥ የለም፣ በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ቦታ የለም። ምንም ሳይሻክር ጸጥ ብሎ ይዞራል። «ልጄ፣ ይሄ ገና ብዙ ይሠራ ነበር» አሉኝ። ሁላችሁም የተቀየረላችሁን ዕቃ ጠይቃችሁ ውሰዱ። የተበላሸ ኩሽኔታ ራሱ ይናገራል፤ ቀለበቱ ላይ ንቅሳት የመሰለ ጉድጓድ ይታያል፣ ሲዞር ይሻክራል።

የከፋው ግን አዲሱ ነው። ሲከፈት ካርቶኑ ላይ ጃፓን የሚለው ኩሽኔታ፣ ቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር በጥፍር ሲፈገፈግ የሚለቅ ቀለም ሆኖ ተገኘ። ደህና ፋብሪካ የሠራው ላይ ጽሑፉ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ነው፣ አይለቅም። በዚያ ላይ የቀየሩት የውስጡን ሮለር ብቻ ነው። ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የመሐሉ ብረት) ውስጥ ተመትቶ የሚገባውን ውጪኛውን ቀለበት አሮጌውን ትተውታል። የዚህ ዓይነት ኩሽኔታ ቀለበትና ሮለር አብረው የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ማድረግ አዲሱን መግደል ነው። ኩሽኔታውን የሚያስረው ዳዶም ከልክ በላይ ጠብቋል። የጠበቀ ኩሽኔታ ይግላል፣ ግሪሱ ቀልጦ ይወጣል፣ ከዚያ በደረቁ ይፈጫል። እንግዲህ አስቡት። ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ያንን ሁሉ ቁልቁለት የምንወርደው በፍሬን ነው፣ የፍሬኑ ሙቀት ደግሞ እዚያው ኩሽኔታው አጠገብ ነው። ደህና የነበረውን ጎማ በገንዘባችን አደገኛ አድርገውልን ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ራሳችሁ አዳምጡ። ይህን ማንም ሹፌር ይችለዋል።

ድምፁ ፍሬን ስትረግጡ የሚጀምር ወይም የሚብስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሬን ሸራው ነው። ሸራው ሲያልቅ ብረቱ ዲስኩን መፋቅ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ቀጭን የሲጥሲጥታ ድምፅ ያሰማል፤ በዚያን ጊዜ ብትቀይሩት ዲስኩ ይተርፋል። ይሄ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም፣ ደንገጎን በእሱ አትውረዱ።

ፍሬን ነካችሁም አልነካችሁም እኩል የሚፋጭ፣ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱም የሚሰማ ቀጭን የላሜራ ድምፅ ከሆነ እንደ እኛው ጠጠር ወይም የተጣመመ ላሜራ ሊሆን ይችላል። ኮረኮንች ላይ ወይም ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ከጀመረ ደግሞ መጀመሪያ እሱን አስፈትሹ። አንዳንዴ ወደ ኋላ ስትነዱት ጠጠሯ ራሷ ትወድቃለች። ካልሆነም ጎማ አውልቆ ማየት ነው፣ ዕቃ የሚገዛበት ነገር የለም።

የኩሽኔታ ድምፅ ሌላ ነው። ከታች የሚያጉረመርም ነው፣ ከፍጥነቱ ጋር ያድጋል፣ ማርሽ ብታወጡም አይጠፋም። መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ያኔ ከባሰ የቀኙን ጠርጥሩ። ወደ ቀኝ ሲዞር ከባሰ የግራውን። መሪ እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ስትነዱ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ ነው የሲቪ ጆይንት ነገር የሚመጣው፤ የእኛው አንድም ቀን እንዲያ ብሎ አያውቅም።

ክሪክ ላይ ሲወጣ አጠገቡ ቁሙ። አንድ እጅ ጎማው አናት ላይ፣ አንድ እጅ ከታች ይዞ ይወዝውዘው። የሚወዛወዝ ከሆነ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መወዛወዙ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን፣ ማለትም ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር የሚያያይዘውን ባለ ኳስ መጋጠሚያ፣ ይዩት። ግራና ቀኝ ተይዞ ብቻ ከተወዛወዘ ደግሞ ወደ ቲራንቲው፣ መሪውን ከጎማው ጋር ወደሚያገናኘው ዘንግ፣ ይሂዱ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ይህን ሳያደርግ ዕቃ የሚያስገዛችሁ ሰው የሚያስበው ስለ ኮሚሽኑ ነው።

ሙቀቱን ለማየት ስትፈልጉ ከደንገጎ እንደወረዳችሁ አትሞክሩ። ያን ጊዜ ሁለቱም ጎማ በፍሬን ግሏል፣ ምንም አይለይም። ድሬ ውስጥ ሳቢያን ሰፈር አካባቢ ባለው ሜዳ መንገድ ፍሬን ሳታበዙ ትንሽ ንዱና ቁሙ። ከዚያ እጃችሁን ወደ ጎማው መሐል አስጠጉ፣ አትንኩት። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚግል ከሆነ እዚያ ችግር አለ።

ኩሽኔታው በእርግጥ ካለቀ አቦ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ካርቶኑንም ቀለበቱንም እዩ፣ ሁለቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ሮለሩን ከነቀለበቱ ጠይቁ። ሲገጠም ግሪሱ በሮለሮቹ መካከል በእጅ ተጭኖ መግባቱን ተመልከቱ፤ ላዩን መለቅለቅ ብቻውን ዋጋ የለውም። ፓራሊዮውም (ግሪሱን የሚይዘው የላስቲክ ማሸጊያ) አብሮ ይቀየር፣ ካልተቀየረ ውኃና አሸዋ ያስገባል።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አትስጡ። እኛ ዕቃውን ይዘን ስንመለስ «ከእኛ ስለመገዛቱ ምን ማስረጃ አለሽ?» ነው ያሉን። ተላላኪው ከየትኛው ሱቅ እንዳመጣው እንኳ ሊነግሩን አልፈለጉም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንከን ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ያ መብት የሚጀምረው ከወረቀቷ ነው። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ቁጥር፣ የመኪናው ታርጋና ቀኑ በግልጽ ይጻፍ። «ቫት ይጨምርብሻል፣ ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሻል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ።