«88 ቮልት» የሚል የባትሪ ድሪል ከመግዛታችሁ በፊት ቻርጀሩን ገልብጣችሁ አንብቡ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። መጋረጃ ለምትሰቅሉ፣ ካቢኔት ለምትገጥሙ፣ አሉሚኒየም ለምትሠሩ በተለይ፤ ለቤቴም አንድ ድሪል ልግዛ ላለ ሰው ጭምር።

በየሕንጻ መሣሪያ መደብሩ በፕላስቲክ ሳጥን የሚሸጠውን የባትሪ ድሪል ታውቁታላችሁ። ሁለት ባትሪ፣ አንድ ቻርጀርና ጥቂት ፑንታ አብሮት አለ። ባትሪው ላይ በትልቁ 48፣ 88 ወይም 128 ተጽፎ ከጎኑ «ቪኤፍ» ይላል። ሻጩ ሲያነብላችሁ ግን «88 ቮልት ነው፣ ኮንክሪቱን እንደ ቅቤ ነው የሚበሳው» ይላችኋል። 88 ቮልት አይደለም። ቪኤፍ የሚባል የቮልት መለኪያም የለም። ቁጥሩ ቢለያይም አብዛኛው ውስጡ ያው ነው፤ ሙሉ ሲሆን 21 ቮልት፣ በሥራ ላይ 18 አካባቢ።

ታናሽ ወንድሜ ሥራው መጋረጃ መስቀል ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አዲስ ከሚሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ መብራት አልገባላቸውም፤ የገባላቸውም ቢሆኑ መሰላል ላይ ስትወጣ ጠብቆ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ የባትሪ ድሪል ግድ ሆነበትና ደሴ መሃል ከተማ ካለ ሱቅ ከ8 ሺህ ብር በላይ ከፍሎ «128»ቱን ገዛ። ሱቅ ውስጥ አየር ላይ ሲያሽከረክሩት ያጓራል። ከመስኮት በላይ ያለው ኮንክሪት ላይ በባለ 8 ሚሊ ፑንታ ሲያስደግፈው ግን ፑንታው የጥፍር ያህል እንኳ ሳይገባ ቀጥ። ማስነሻውን ለቅቆ እንደገና ሲጫነው ይዞራል፤ ግድግዳ ሲነካ አሁንም ቀጥ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይዞልኝ መጣ።

አዲስ ድሪል እምቢ ሲል ወዲያው ተበላሁ ማለት ግን ደግ አይደለም። ከማስነሻው ከፍ ብሎ ግራና ቀኝ የሚገፋ ቁልፍ አለ፤ ወደፊትና ወደኋላ ማዞሪያው እሱ ነው። መሃል ላይ ከቆመ ማስነሻው ይቆለፋል፣ ብትጫኑት አይሄድም። ወደኋላ ከተገፋ ደግሞ ፑንታው እየዞረ አይበሳም፤ ግድግዳውን አቧራ ያደርገዋል እንጂ። ከፑንታ መያዣው ኋላ ደግሞ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለ። ቀለበቱ ቁጥር ላይ ከሆነ፣ ሲከብደው ሆን ብሎ እየለቀቀ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ይላል፤ ይህ ብሎን ስታስሩ የብሎኑ ራስ እንዳይበላ የተሠራ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ብረትና እንጨት ለመብሳት ቀለበቱን የፑንታ ምስል ላይ፣ ለግድግዳ የመዶሻ ምስል ላይ ማድረግ ነው። የመዶሻ ምስል ከነጭራሹ ከሌለው ያ ድሪል ለኮንክሪት አልተሠራም። ፑንታውንም እዩት፤ የኮንክሪት ፑንታ ጫፉ ላይ ከግንዱ ሰፋ ያለች ጠንካራ ብረት ተበይዳበታለች። ይህች ከሌለችበት ኮንክሪት ላይ ታቃጥሉታላችሁ።

የወንድሜ ድሪል ይህን ሁሉ አልፏል። ወደፊት ነው፣ መዶሻው ላይ ነው፣ ፑንታውም ደህና ነው። የቀረው ባትሪው ነበር። ቻርጀሩ አረንጓዴ እስኪያበራ ሞላሁትና ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ሰካሁበት፤ 20.6 ቮልት። «128» የተጻፈበት ባትሪ ነው እንግዲህ። ከዚያ ቻርጀሩን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል የሚያወጣው 21 ቮልት መሆኑ ተጽፏል። 21 ቮልት የሚያወጣ ቻርጀር በምንም ተአምር 88 ወይም 128 ቮልት ባትሪ አይሞላም። ባትሪው ላይ የተዋሸው ቻርጀሩ ላይ ሳይዋሽ ቀርቷል፤ ይህን ለማየት ደግሞ ቴስተርም ባለሙያም አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው የባትሪ ድንጋይ (ሴል) ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ይገባ የነበረው ዓይነት ነው፤ ወርዱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 65። አንዱ በአማካይ 3.6 ቮልት፣ ጢም ሲል 4.2 ይሰጣል። 5 ድንጋይ በተከታታይ ሲያያዝ 21 ማለት ነው። 128 ቮልት ለማምጣት ከ30 ድንጋይ በላይ ሊኖረው ነው። ያንን የያዘ ባትሪ እጀታ ሥር አይሰካም፣ በጀርባ ይታዘላል።

ልብ በሉ፣ 21 ቮልት ራሱ ነውር የለበትም። ስም ያላቸው ኩባንያዎች 18 ወይም 20 ብለው ጽፈው ኮንክሪት የሚበሳ ድሪል ይሸጣሉ። የእኛው ጉድ ድንጋዩ ላይ ነው። ባትሪውን ፈትተን ስናየው 5 ድንጋይ በአንድ ረድፍ ተደርድሯል፤ ከጎኑ ለሌላ 5 የሚሆን ቦታ አለ፣ ስፖንጅ ተጠቅጥቆበታል። ድንጋዩ ደካማ ስለሆነ ሞተሩ ሲከብደው ቮልቱ ይዘቅጣል፤ ያኔ ውስጥ ያለችው መቆጣጠሪያ ቦርድ ትዘጋዋለች። ማስነሻውን ስትለቁ ያገግማል፣ ስታስደግፉት ይሞታል። ባትሪው ላይ ያለው የ15000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ነገርም ተረት ነው፤ 5 ድንጋይ እንዲህ በተከታታይ ተያይዞ አቅሙ የአንዱ ብቻ ነው፣ የዚህ ድንጋይ ጥሩው ደግሞ 3000 አካባቢ ነው።

አንድ ጥገና ቤት «ቦርዷን ዘልለን ዳይሬክት እናድርገው፣ ያኔ አይቆምም» ብሎ ነበር። አዎ አይቆምም፤ ሊቲየም ባትሪ ያለ መቆጣጠሪያ ሲሞላና ሲጨናነቅ ግን እሳት ነው የሚሆነው። እንዲህ የሚላችሁ ካለ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ወደ ሱቁ ሄድን። «ወንድሜ፣ ይህ 128 አይደለም፣ 21 ነው» ብዬ ቻርጀሩን አሳየሁት። «ጋሼ፣ እኔ ፋብሪካ የለኝ፣ እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው» አለ፤ ይሄ እንኳን እውነትነት አለው። ቀጥሎ ግን «አጠቃቀም ነው፣ አስጨንቃችሁት ነው» መጣ፤ ከዚያ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በጣቱ ጠቆመን። ባትሪውን የፈታነው ከዚህ በኋላ ነው። ወንድሜ ሲገዛ ደረሰኝ ጠይቆ «ከተቆረጠ ዋጋው ይጨምራል» ተብሎ ስለነበር የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም።

ሱቁ የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ስሙን ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም፤ ሳጥኑ ሰኞ ገበያም ፒያሳም ኮምቦልቻም አለ። ይልቅ የትም ስትገዙ ቻርጀሩን ገልብጡ። ባትሪው ላይ ያለው ቁጥርና ቻርጀሩ ላይ ያለው ቮልት ከተራራቁ ሌላውም ጽሑፍ አይታመንም። ባትሪውን መዝኑት፤ ትልቅ ሆኖ እጃችሁ ላይ ከቀለለ ግማሹ ባዶ ነው። «ብራሽለስ» (ካርቦን የሌለው ሞተር ማለት ነው) የሚል ከተለጠፈበት ጨለም ያለ ቦታ ይዛችሁ በአየር ማስገቢያ ቀዳዳው እያያችሁ አስነሱት፤ ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ ሞተሩ ካርቦን አለው፣ ብራሽለስ አይደለም። ከሁሉ በላይ አየር ላይ አሽከርክሮ ማሳየት ምንም አይደለምና ሸክም ላይ ይሞከር። ከሱቁ ደጃፍ ስባሪ ብሎኬት አይጠፋም፤ የኮንክሪት ፑንታ ይዛችሁ ሂዱና በሁለቱም ባትሪ አንድ አንድ ቀዳዳ ብሱ። አይሆንም ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ብሎኬት ከኮንክሪት እንደሚለሰልስ ግን እወቁ፤ ብሎኬት ላይ የቆመ ድሪል ኮንክሪት ላይ ተስፋ የለውም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን አይሽርም። ሻጩ እምቢ ካለ ዕቃውን ከነሳጥኑና ከነደረሰኙ ይዛችሁ የከተማውን ንግድ መምሪያ ጠይቁ። እስከዚያ ባትሪውን አትፍቱት፤ ከተፈታ «እናንተ ነክታችሁት ነው» ለማለት ይመቸዋል። ደረሰኙ ላይም «ድሪል» ብቻ አይጻፍ፣ በአፉ 88 ቮልት ካላችሁ 88 ቮልት ብሎ ይጻፍላችሁ። የማሽን ደረሰኝ ኪስ ውስጥ ቶሎ ይደበዝዛል፤ እንደተቆረጠ ከባትሪውና ከቻርጀሩ ጽሑፍ ጋር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።