ከሂርማታ እስከ ጅሬን፦ የእግር ጉዞውና የማረፊያ ቤቶቹ

በጅማ ከተማ ወጣት አስጎብኚዎች ለጓደኛሞች የሚያዘጋጁት የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከሂርማታ ገበያ አካባቢ ይነሣና የከተማዋን ዳርቻ ለቆ፣ በቡና ማሳዎች መካከል እየተጠማዘዘ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደሚገኝበት ወደ ጅሬን ኮረብታ ይወጣል። ቤተ መንግሥቱ ከከተማዋ መሀል 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ መንገዱ ዳገት ቢኖረውም እያረፈ ለሚሄድ ሰው አይከብድም። በጉዞው ላይ ቡና፣ ብርዝና ጠጅ የሚቀርቡባቸው ቤቶች አሉ። ከጓደኞቼ ጋር ሄጄበት በጣም ተደስቻለሁ፤ ለሌሎችም እመክረዋለሁ። የቀኑን መልክ የሚወስኑት ግን ማረፊያዎቹ ስለሆኑ፣ ከሁሉ በላይ የምናገረው ስለ እነርሱ ነው።

አነሣሡ ጥሩ ነው። ሂርማታ በአባ ጅፋር ዘመን ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ እንደነበር አስጎብኚው በአጭሩና በግልጽ አስረዳን። ከዚያ የአዌቱን ወንዝ ተሻግረን ከከተማዋ ወጣን። አዌቱ በከተማዋ ውስጥ ሲያልፍ የተሸከመው ቆሻሻ ያሳዝናል፤ አስጎብኚውም ይህን አልሸፋፈነም።

የመጀመሪያው ማረፊያ የአንድ ገበሬ ቤት ነው፤ በእኔ ግምት የጉዞው ምርጥ ክፍልም ይህ ነው። በዙሪያው ያለው ቡና የበቀለው በዋንዛ፣ በብሳናና በብርብራ ጥላ ሥር ስለሆነ፣ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት እንኳ ጓሮው ቀዝቃዛ ነው። የቤቱ ባለቤት ቀይ የደረሰውን ፍሬ ካልበሰለው እየለዩ እንዴት እንደሚለቅሙ፣ ከነቆዳው የሚደርቀው ቡና በቃጫና በሽቦ ወንፊት አልጋ ላይ ለምን ደጋግሞ መገላበጥ እንዳለበት በእጃቸው እያሳዩ ነገሩን። እማማ ደግሞ ቡናውን ዓይናችን እያየ አጥበው፣ ቆልተውና ወቅጠው በጀበና አፈሉ። ከአቦል እስከ በረካ ያለ ችኮላ ተቀመጥን። ቡናው በአካባቢው ልማድ ጥቂት ጨው ነበረበት፤ ስኳር ለሚፈልግ ስኳር፣ ጤና አዳም ለሚወድም ጤና አዳም አልጠፋም። ለቡና ቁርስ የቀረበው የተቀቀለ ጎደሬና ቆሎ ነው። ይህ ቤት ለእንግዳ ተብሎ የተዘጋጀ መድረክ አይደለም፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመጣሉ፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል፣ እንግዳውም ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል። አፋን ኦሮሞ የማይችል ሰው «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ቢሰጥ ደስታቸው ይጨምራል፤ የቀረውን አስጎብኚው ይተረጉማል።

ሁለተኛው ማረፊያ ብርዝ የሚቀርብበት ቤት ነው። ስለዚህ ቤት ጠንከር አድርጌ ማመስገን እፈልጋለሁ። ከመካከላችን በሃይማኖታቸው ምክንያት አልኮል የማይቀምሱ ሙስሊም ጓደኞች ነበሩ፤ በብዙ ቦታ እንዲህ ያለ ሰው ጠርሙስ ለስላሳ ተሰጥቶት ጥግ ይይዛል። እዚህ ግን ማሩ በንጹህ ውሃ በዕለቱ ተበርዞ፣ ጌሾ ሳይገባበትና ሳይፈላ፣ ለሁሉም እኩል በብርሌ ቀረበ። የሚጠጣውም የማይጠጣውም አንድ ዓይነት መጠጥ በአንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ ሲጫወት ማየት ያስደስታል። ማሩ በትልልቅ ዛፎች ላይ ከተሰቀሉ ቀፎዎች የተቆረጠ ሲሆን፣ የአበባው ጠረን በብርዙ ውስጥ ሳይጠፋ ይገኛል። እንዲህ ያለ ቤት በየማረፊያው ቢኖር ይህ ጉዞ ለማንኛውም የጓደኛሞች ቡድን ይመች ነበር።

የምተቸው ጠጅ ቤቱን ነው፤ ትችቱም ሁለት ነው። የመጀመሪያው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። አስጎብኚው ጠጅ ቤቱን ከዋናው ዳገት በፊት አስገብቶታል። ጠጅ በጥንካሬው ከቢራ የሚበልጥ፣ አንዳንድ ጊዜም የወይን ጠጅን የሚስተካከል መጠጥ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ብርሌ የጠጣ ሰው ከዚያ በኋላ ኮረብታ ሲወጣ ልቡ ይመታል፣ እግሩም ይዝላል። ከእኛ አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጦ ለመጠበቅ ተገደደ። ጠጅ ቤቱ ከጅሬን መልስ፣ ቁልቁል ወርደን ከጨረስን በኋላ ቢሆን ጉዳቱ በቀረ፣ ጨዋታውም በደመቀ ነበር።

ሁለተኛው ትችት የጠጁ ጥራት ነው። ጠጅ በደንቡ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ተጨምሮበት፣ በጋን ውስጥ ለሳምንታት ይፈላል፤ ጌሾው ምሬቱን ይሰጠዋል፣ ከመበላሸትም ይጠብቀዋል። በዚህ ቤት የቀረበልን ግን ከመጠን በላይ ስኳር ስኳር የሚል፣ የማር ጠረን የሌለው፣ ቀለሙም ከተፈጥሮ ይልቅ ከቀለም ዱቄት የመጣ የሚመስል ነበር። ማር በሞላበት አገር ስኳር ጥሎ ለእንግዳ ማቅረብ ያስቆጣል። ደረቅና ለስለስ ያለ ጠጅ እንዳለ ስንጠይቅም አሳላፊው አንድ ዓይነት ብቻ እንዳለ ነገረን። አስጎብኚዎቹ ይህን ቤት እንዲቀይሩና እንግዳ ከማስገባታቸው በፊት ራሳቸው እንዲቀምሱ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ለቅምሻ ትንሽ ማስቀዳት ነውር አይደለም፤ ጥሩ ጠጅ ጣይ በዚህ ይኮራል እንጂ አይቀየምም።

ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ድካሙን ሁሉ ይክሳል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በጅማ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ ገብረው የግዛታቸውን የውስጥ አስተዳደር ለማቆየት የቻሉ ንጉሥ ናቸው፤ ይህን ታሪክ አስቀድሞ የሰማ ሰው በሰፊዎቹ የእንጨት ሰገነቶች ላይ ቆሞ ከታች የተዘረጋውን አገር ሲያይ ስሜቱ ይለያል። ጠጅ ቤቱ ያባከነብን ጊዜ ግን ለቤተ መንግሥቱና በአጠገቡ ላለው መስጊድ የሚገባውን ጊዜ አሳጠረብን። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሊመደብለት ይገባ ነበር።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቢጓዝ ይሻላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቀዩ አፈር ጭቃ ይሆንና ዳገቱ ያንሸራትታል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ስለሆነ በገበሬው ቤት የሚታየው ይበዛል። ሶሉ ልሙጥ የሆነ ጫማ አይበጅም፤ በመንገዱ ላይ መጸዳጃ ቤት ስለማይገኝ ከመነሻው ተዘጋጅቶ መውጣት ይገባል። የአስጎብኚው ክፍያ ለቡድን እንጂ ለነፍስ ወከፍ እንዳልሆነ፣ የቡናውና የብርዙ ዋጋም በውስጡ መካተት አለመካተቱን አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ዳገቱን የሚፈሩ አረጋውያን ካሉ እስከ ቤተ መንግሥቱ በባጃጅ ወጥተው ከቡድኑ ጋር በእግር ቢወርዱ የገበሬውን ቤትም የብርዙን ቤትም ያገኙታል፤ የባጃጁ ሒሳብ ግን ከመሳፈር በፊት ይቆረጥ።